ወደ ድንቹ የዞረችው ካሜራ

«በሩን ዛሬም ከፍተሽ ሄድሽ።»

ዮርዳኖስ ይህን ከእናቷ መስማት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። የጎረቤታቸው የአዝመራው ዳማ ፈረስ በጓሮው የቀርከሃ በር ይገባል፤ ድንቹን ይረጋግጣል፤ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል። ትምህርት ቤት ስትሄድ በዚያ በር የምትወጣው እሷ ናት። ዘግቼዋለሁ ብትል ማን ይሰማታል?

እናቷ ውብአየሁ ከባሕር ዳር ሽቦ አልባ ካሜራ አስመጣች። «የሱቃችንን ደጃፍ ከሚቀዳው ሳጥን ጋር አገናኚያት። መክፈትሽን በዓይንሽ ታዪዋለሽ» አለቻት።

«እሺ» አለች ዮርዳኖስ። የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

አባቷ ገበየሁ ካሜራዋን ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለላት። የእንጅባራ ዝናብ አይታመንም ብሎ በፌስታል ጠቀለላት፤ ፊቷን ብቻ ተወላት።

ማገናኘቱ ግን እምቢ አለ። በስልኳ ካሜራዋ ትታያለች፤ መቅጃው ሳጥን «አልተገኘም» ይላል። አጠፋችው፣ አበራችው። ያው ነው።

«ስልክሽ ያያትን እሱ እንዴት አያያትም?» አለች ሶፋው ላይ የተጋደመችው የክፍል ጓደኛዋ ሰርክአዲስ። «ተኮራርፈው ነው?»

«ዝም በይ፣ ግራ ገብቶኛል።»

«ደግሞ የምታሳይሽ ድንች ብቻ ነው። በሩ የታል?»

ዮርዳኖስ ከመቅጃው ጀርባ እጇን ሰደደች። ከዋይፋዩ ሳጥን ጋር የሚያገናኘው ገመድ ወልቆ መሬት ላይ ተኝቷል። ሁለቱ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም። ሰካችው። የካሜራዋ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ፓስወርድ ተጠየቀች። የዋይፋዩን አስገባች። ስህተት። ደገመችው። ስህተት።

«የራሷ ፓስወርድ ቢኖራትስ?» አለች ሰርክአዲስ። «ሆዷ ላይ አልተጻፈም?»

ጓሮ ወርዳ ፌስታሉን ፈታችው። እውነትም ከሥር ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ቁጥሩን በስልኳ አነሳችና ካሜራዋን ወደ በሩ አዞረቻት።

«ተያት፣ እንዳለች ትሁን» አለ አባቷ ከኋላዋ። «ፈረሱ ድንቹ ላይ ሲደርስ ትይዘዋለች።»

«እኔ የምፈልገው በሩን ነው፣ አባባ።»

«ለነገሩ መቼ ተገናኘችና» ብሎ ወደ ቤት ገባ። ቁጥሩን ስታስገባ መቅጃው በሩን አሳያት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ የጠዋቱን ቅጂ ከፈተች። እሷ ወጣች፤ በሩን ዘጋች፤ የመዝጊያውን ቀለበት ምሰሶው ላይ አጠለቀች። እፎይ አለች።

ጥቂት ቆይቶ አባቷ መጣ። ቀለበቱን አወለቀ። ዳማው ፈረስ ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ገባ። አባቷ ከጋቢው ውስጥ ገብስ ዘግኖ አበላው፤ ግንባሩን ፈረሱ አንገት ላይ አስደግፎ ቆመ። ቆይቶ ወደ ውጭ መራውና በሩን ገፋ አድርጎ፣ ቀለበቱን ሳያጠልቅ ወደ ቤት ገባ። ፈረሱ በአፍንጫው ገፍቶ ተመልሶ ድንቹ ላይ ወጣ።

ዳማው የእናቷ ወንድም የወገኔ ነበር። ወገኔ ከሦስት ዓመት በፊት በግልቢያ ላይ ከዚሁ ፈረስ ወድቆ ነው የሞተው። ለቀብሩ ፈረሱን እንደ ወጉ በጌጥ ሸልሞ በለቅሶው መሐል የመራው አባቷ ነው። እናቷ ግን «ዳግመኛ እዚህ ግቢ እንዳላየው» ብላ ለአዝመራው አሸጠችው።

ዮርዳኖስ አባቷ አሳዘናት። ደግሞ ተናደደች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰደብ እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ማውሱን «አጥፋ» የሚለው ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ አነሳችው።

«አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ተቀምጦ አየ። ሲጨርስ ጋቢውን ሰበሰበ። «ለእናትሽ አትንገሪያት። ያማታል።»

«እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይነግሯታል።»

«ዮርዲ…»

ቅጂውን ወደ መጀመሪያው መለሰችና ማውሱን እጁ ላይ አኖረችለት። የሱቁን የውስጥ በር ከፈተች።

«እማዬ፣ ካሜራዋ ሠርታለች። አባባ ይጠሩሻል።»