ያልተገለበጠው ሸክላ

አቶ ፍቅረ ማርያም የሞቱት በማዳመጫ ወንበራቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ እንዳዞሩ ነው። ሐኪሙ በትራስ ታፍነዋል ብሏል። ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ አንድን ሲምፎኒ ከተለያዩ የኦርኬስትራ መሪዎች እጅ እየሰሙ ሲያወዳድሩ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታቸው በሙዚቃ ሸክላ የተሞላ ነው።

ኢንስፔክተር ስምረት የክፍሉ ደፍ ላይ ቆመች። የሟቹ ልጅ ዲና ታስራለች፤ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ከገበያ ስትመለስ ሙዚቃው ገና ይሰማ ነበር፤ አባቷ ሲያዳምጡ በር አይከፈትምና ወደ ጓዳ አለፈች። ሙዚቃው ሲያልቅ ቤቱ ውስጥ ከእሷና ከአባቷ በቀር ሰው አልነበረም። ሟቹ እስከዚያ በሕይወት ከነበሩ፣ ገዳይዋ እሷ ናት። ስምረት ይህን «ከነበሩ» አልወደደችውም።

ወደ ሸክላ ማጫወቻው ጎንበስ አለች። የተቀመጠው ሸክላ የጀርመን ኦርኬስትራ ነው፤ ወደ ላይ ያለው የመጀመሪያው ፊት። ከጎኑ ያለው ትልቁ ባለ ጥቅል ቴፕ ማጫወቻ ባዶውን ነው።

«ሙዚቃው መሃል ላይ ቆም ብሎ ነበር?» ብላ የሟቹን ጎረቤት ፊልሳንን ጠየቀቻት።

«አቦ፣ ቢያርፍልኝማ እኔም ሸለብ ባደረገኝ! ዋላሂ አንዴም አላረፈ። አልቆ እንኳ ጠፕ ጠፕ ጠፕ የሚል ነገር ቀጠለ። ቬንትሌተሩ ወረቀት የነከሰ መስሎኝ።»

«መቼ ተወ?»

«እነ ሊባን ሲገቡ።»

የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ሊባን ሸክላ ይበልጣል ዲጂታል በሚል ከሟቹ ጋር ሲነታረክ የኖረ ወዳጅ ነው። «ጭረት መስማት ከፈለግህ ድመት ግዛ እለው ነበር» አለ፤ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ያን ቀን ለምን ተጠራችሁ?»

«ልናወዳድር። ያንን ሸክላ ከዘርዓብሩክ አባት ቴፕ ጋር።»

ቴፑን የማያውቅ የለም። አቶ ዘርዓብሩክ የሙዚቃ ትምህርት ቤታቸውንም ስማቸውንም ያቆሙት በእሱ ላይ ነው፤ አባቴ ኦርኬስትራ የመራበት ይሉታል።

«ቴፑ የታለ?»

«ፍቅረ ማርያም ተውሶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ቅጂው ስልኬ ላይ አለ።»

«ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ ገባ?»

«ዘርዓብሩክ። ሻይ ቤት መጥቶ አገኘኝና አብረን መጣን። እኔን ዲናን ጥራ ብሎ ወደ ጓዳ ላከኝ። ደግሞ በዚህ ሙቀት ኮት! ሙሽራ ነህ እንዴ ብዬዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ስምረት ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበች፤ ዲናን በካቴና እንደታሰረች አስመጣቻት።

«ሸክላ ሁለት ፊት አለው» አለች። «ሲምፎኒው እንዲያልቅ መሃል ላይ ተነሥቶ የሚገለብጠው ሰው ይፈልጋል። ፊልሳን ግን ዕረፍት አልሰማችም፤ ሸክላውም አልተገለበጠም። የተሰማው ቴፑ ነው። ቴፕ ሰው አይፈልግም፤ ሬሳ ፊትም እስከ መጨረሻው ይጫወታል። ጠፕ ጠፕ ያለው፣ ካለቀ በኋላ የሚማታው የቴፑ ክር ጫፍ ነው።»

«ታዲያ?» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ።

«ታዲያ ሙዚቃው ለሟቹ በሕይወት መኖር አይመሰክርም። የሞቱት ዲና ቀፊራ ገበያ ሳለች ነው። ገዳዩ ቴፑን ከፍቶ ሻይ ቤት ሄደ። ሲመለስ ቀድሞ ገብቶ አነሣው። የሳህን ስፋት ያለው ጥቅል ነው፤ መሸሸጊያ ኮት ያስፈልገዋል።»

«የገዛ ቴፔን ለምን እሰርቃለሁ?»

«እዚህ ቢገኝ ከሸክላው ጋር ስለሚሰማ።»

መርፌውን አሳረፈች። ቫዮሊኖቹ ዝቅ ባሉበት ስፍራ፣ ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ድርቅ ያለ ሳል፣ ከዚያ ደግሞ የታፈነ። ቀጥሎ የሊባን ስልክ ተከፈተ። ፍጥነቱ ጥቂት ተለውጧል፤ ቫዮሊኖቹ ዝቅ አሉ፤ ሰውየው ሳለ። ድርቅ ያለ፣ ከዚያ የታፈነ።

«ያው ሰው ነው፤ ቴፑ የተቀዳው ከዚህ ሸክላ ነው» አለ ሊባን፤ ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቷል። «ዘርዓብሩክ፣ ምነው?»

አቶ ዘርዓብሩክ ቁጭ አሉ።

«አባቴ መሪ ነበር» አሉ። «በእርግጥ ነበር። ሲመራ የቀረጸው ሰው ግን አልነበረም። ፍቅረ ማርያም ቀድመህ ና አለኝ፤ ሁለቱን አሰማኝ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ መሆኑን ሳውቅ የቀረውን አላስጨረስኩትም።»

የዲና ካቴና ተፈታ። የእጇን አንጓ አላሻሸችም፤ ወደ እርሳቸው ቀረበች።

«ጋሼ፣ የቀረውን እኔ ላሰማዎት። ገበያ ስሄድ አባዬ መጠቅለያ ወረቀት ግዢልኝ አለኝ። ‹ይህን ሸክላ ለዘርዓብሩክ እሰጠዋለሁ፤ ሰብሮ ይጣለው። ለሊባን ሌላ አሰማዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ሸክላው ይዞራል፤ መርፌውን የሚያነሣ አልነበረም።

«ወረቀቱን ገዝቻለሁ» አለች። «ጓዳ ነው።»