ደም ያልነካው ማሊያ

በረኛው ሽባባው ሞቶ የተገኘው ቡታጅራ ላይ የተደረገው ጨዋታ ካለቀ በኋላ ነው። ዋቤ ኮከብ የተባለው የወልቂጤ ቡድን ሁለት ለዜሮ ተሸንፎ፣ ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ልብስ መቀየሪያቸው ሲመለሱ፣ የቡድኑ ሊቀ መንበር አቶ ደበሌ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱ። በሩ ግን ሲገፋ አልሄደም። ከውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተደግፎታል። ገፍተው ሲገቡ የተደገፈው ሽባባው ነበር።

ወሬው ሜዳውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ከድሮ ገደለው! በጉልበቱ መትቶ ገደለው!»

ከድሮ የቡታጅራው ቡድን የዘቢዳር አጥቂ ነው፤ በሥራው በርበሬ ነጋዴ። ከእረፍት በፊት ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ ከሽባባው ጋር ተጋጭቶ፣ ሁለቱም ጭቃው ላይ ወድቀው፣ ኳሷ ብቻዋን ጎል ገብታለች። ይህን ሁሉም አይቷል። ከወልቂጤ በጭነት መኪና የመጣው ደጋፊ ዱላና ድንጋይ ይዞ ወረደበት። ፖሊሶች ከሰዉ እጅ ፈልቅቀው ሲያወጡት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ነበር።

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ፈቃደ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። ከጎንደር ተዛውሮ ቡታጅራ ከመጣ ወዲህ ባልደረቦቹ ይህን ጠባዩን ያውቃሉ። ያን ዕለት የሚናገረውን ለመስማት ጆሮ መጣል ያስፈልግ ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ከሜዳው አጠገብ ያለ የትምህርት ቤት ክፍል ነው። ሽባባው ቁምጣና ነጭ ካናቴራ ብቻ ለብሷል። ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል ተሰንጥቆ፣ የካናቴራው አንገትና ጀርባ በደም ርሷል። ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ያለው የሲሚንቶ መድረክ አቧራ ለብሶ ሳለ፣ አንዱ ጠርዙ ብቻ ተወልውሎ እርጥብ ነው። ከዚያ ጠርዝ እስከ በሩ ደም ተጎትቷል። በሩ ላይ፣ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ፣ በደም የታተመ መዳፍ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የታተመው።

ከአውራጃው ገዥ አጠገብ ጨዋታ ሲያይ የነበረው የጤና ጣቢያው ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ከሬሳው ላይ ቀና አለ። «ወዲያው አልሞተም መቶ አለቃ። ደሙ ፈስሶ ነው ያለቀው። በጊዜው ቢታሰርለት ይተርፍ ነበር።»

ፈቃደ በሩ ላይ የታተሙትን መዳፎች ቆጠረ። እሱም ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሜዳው ዳር ቆሞ ሕዝብ ሲጠብቅ ነበር። ይህ ሰው በሩን ሲደበድብ ሁሉም ስለ ጎል እየጮኸ ነበር።

መጀመሪያ ያስጠራው አቶ ደበሌን ነው። ባለ ወፍጮ ናቸው፤ ወልቂጤ ውስጥ ሹሙም ነጋዴውም ይፈራቸዋል።

«ሐዘን ላይ ነኝ፣ ቶሎ ጨርስ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«የሆነውን ይንገሩኝ።»

«በእረፍት ‹ራሴ ዞረብኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ› አለ። ያ አውሬ በጉልበቱ ጭንቅላቱን ስለመታው ነው። ይረፍ ብለን አስተኛነው። ልብስ እንዳይሰረቅ በሩን ቆለፍኩና ከገዥው አጠገብ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።»

«ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ወንበርዎ ላይ ነበሩ?»

«ከፊሽካው ጀምሮ! ነፍሰ ገዳዩ በረኛዬን ገድሎ አልበቃ ብሎት ሁለተኛውን ጎል ሲያገባ እንኳ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እሱን መስቀል ትተህ እኔን ታደርቀኛለህ?»

«ይበቃኛል» አለ ፈቃደ።

አሰልጣኙ ኃይሌ የስፖርት አስተማሪ ነው። ሲናገር ወለሉን ያያል። «በእረፍት ‹ራሴ ዞረብኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ› አለ። ይረፍ ብለን አስተኛነው።»

«ከዚያስ?»

«ወጣን። እግራችን ሜዳ ከመርገጡ ሁለተኛው ገባብን። የራሳችን ተከላካይ አለሙ ኳሷን በጭንቅላቱ አወጣለሁ ብሎ የራሱ መረብ ውስጥ ከተታት። ሰዉ ግን ‹ከድሮ! ከድሮ!› እያለ ይጮሃል።»

ቀጥሎ ተጠባባቂው በረኛ መንበረ ገባ። ሽባባው ከሌለ በረኛነቱ የእሱ ነው፤ ይህን ሹክ ያሉ ሰዎች አሉ። ቢጫዋን የበረኛ ማሊያ ገና አላወለቀም።

«በእረፍት ‹ራሴ ዞረብኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ› አለ...»

«ይረፍ ብላችሁ አስተኛችሁት» ብሎ ጨረሰለት ፈቃደ።

መንበረ የማሊያዋን እጅጌ ይጎትት ጀመር።

«ስንት የበረኛ ማሊያ አላችሁ?»

«ይቺ አንዷ ናት። ሽባባው አውልቆ ሰጠኝ።»

«አውልቃት።»

ፈቃደ ማሊያዋን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። ደረቷ ጭቃ ተለጥፎባት ደርቋል። አንገቷና ጀርባዋ ንጹሕ ነው። አገላብጦ አይቶ፣ አጥፎ፣ ክንዱ ሥር ያዘና ወጣ።

ደጅ የሟች እህት መሰለች ነጠላዋን አገልድማ ቆማለች። ከድሮ ተይዞ ሲያልፍ ፊቱ ላይ የተፋችው እሷ ናት።

«ገዳዩን ይዛችሁ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?»

«ወንድምሽ ስትመጡ ምን ይል ነበር?»

«ምንም። ዝም ብሎ ነው የመጣው። አንዴ ብቻ ‹እኔ የሰው እግር አልሰብርም› አለኝ። ‹የማንን እግር?› ብለው ፊቱን አዞረብኝ።» ዓይኗ ቀላ። «ልብስ ሰፊ ነው እኮ ወንድሜ! ከማን ጠብ አለው?»

ከድሮ ጣቢያው ውስጥ እግሩ በሁለት ጣውላ ታስሮ አግዳሚ ላይ ተጋድሟል።

«ወላሂ አልመታሁትም መቶ አለቃ። ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። እግሬ ላይ ቢወርድ ይችል ነበር። ሰውነቱን አጥፎ አሳለፈኝ። በትከሻው ነካ አርጎኝ በደረቱ ተደፋ። ከዚያ ተነሥቶ እጄን ስቦ አነሣኝና ‹ተጠንቀቅ› አለኝ። ከምን እንደምጠነቀቅ አልነገረኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ፈቃደ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ሰበሰበ። ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ቆሙ። ከድሮን በቃሬዛ አመጡት። ከአጥሩ ውጭ የወልቂጤ ደጋፊዎች ተኮልኩለዋል። አቶ ደበሌ ብቻ ወንበር ተሰጥቷቸዋል።

«ከዋቤ ኮከብ ሦስት ሰዎች ጠየቅሁ» አለ ፈቃደ ቀስ ብሎ። «ሦስቱም በአንድ አፍ ‹ራሴ ዞረብኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ› አሉኝ። ሰው ያየውን ሲናገር አንዱ ካንዱ ይለያል። ያጠኑትን ሲናገሩ ነው እንዲህ ቃል በቃል የሚገጥመው።»

ማሊያዋን ዘረጋት። «ሽባባው ከከድሮ ጋር ሲጋጭ የለበሳት ይቺን ነው። ደረቷ ጭቃ ነው፤ በደረቱ ስለወደቀ። የሞተው ግን ከኋላ ተሰንጥቆ ነው። ከውስጥ የለበሰው ካናቴራ በደም ርሷል፣ ከላዩ የነበረችው ማሊያ ግን አንዲት ጠብታ የለባትም። ስለዚህ የቆሰለው ማሊያዋን አውልቆ ለመንበረ ከሰጠ በኋላ ነው። ያኔ ከድሮ ሜዳ ላይ ነው። መንበረ ጎል ውስጥ፣ ኃይሌ መስመሩ ዳር፤ ሁላችንም አይተናቸዋል። ክፍሉ ውስጥ ከሽባባው ጋር የቀረው ባለ ቁልፉ ነው።»

«እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ!» ብለው ጮኹ አቶ ደበሌ።

«ሁለተኛውን ጎል ማን አገባው?»

«ነገርኩህ እኮ! ከድሮ!»

በግቢው ጉርምርምታ ተነሣ። ተከላካዩ አለሙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እኔ ነኝ ጋሼ ደበሌ» አለ። «በራሴ ላይ ነው ያገባሁት። ሁሉም ሰው አይቷል።»

«ወንበሩ ላይ የነበረ ሰው ይህን አያጣውም» አለ ፈቃደ። «እርስዎ የሕዝቡን ጩኸት ነው የሰሙት። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ሽባባው የከድሮን እግር እንዲሰብር ታዞ እምቢ ብሏል።»

አቶ ደበሌ ተነሥተው ቆሙ። ወደ ተጫዋቾቹ ዞሩ። «እንዲህ ያዘዝኩት እኔ ነኝ? የሰማ አለ? የሚመሰክርብኝ ወንድ ካለ ይውጣ!»

ተጫዋቾቹ መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው ግማሾቹ በእሳቸው ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ናቸው። ኃይሌ ከንፈሩን ነከሰ።

መንበረ ወጣ። ካናቴራ ብቻ ለብሷል።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ። «ጫማዬን ሳስር ጋሼ ደበሌ ሽባባውን ‹ስበረው አላልኩህም ወይ?› አሉት። ‹ሰውዬው በእግሩ ሠርቶ ነው የሚያድረው፣ አልሰብርም› አለ። ‹ማሊያውን አውልቅ› አሉት። እኛን አስወጡን። ሞቶ ስናገኘው ምን እንደምንል እሳቸው ነገሩን። ፈርቼ ነው ያልኩት። ከእንግዲህ አልልም!»

«እውነት ነው» አለ ኃይሌ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «መድረኩንም እኛ ሬሳውን ስናነሣ እሳቸው በፎጣ ሲወለውሉ አይቻለሁ።»

«ውሾች! ያበላኋችሁ!» አቶ ደበሌ አረፋ ደፈቁ። «አዲስ አበባ የሚያደርሰንን ጨዋታ አበላሽቶ ቃል ሲመልስልኝ ዝም ልበለው? ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!»

ፈቃደ ተጠጋው። ‹እርስዎ› ማለቱን ተወ።

«ገፋኸው። ጠርዙ ላይ ወደቀ። ደሙን አየህ። ከዚያ ቆልፈህበት ኳስ ልታይ ሄድክ። በሩን ሲደበድብ ድሬሰሩ ገዥው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ካንተ ሁለት ወንበር ነው የሚርቀው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ይኼ ሰው ዛሬ ይኖር ነበር።»

«ነገ እፈታለሁ።»

«ትፈታ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰው የሰማውን ግን የሚያስረሳው የለም። እጅህን አምጣ።»

ካቴናው ሲገባለት፣ ከተሰበሰቡት መሀል የሟቹ እህት መሰለች ወደ ቃሬዛው ሄደች። ከከድሮ እግር አጠገብ ተንበረከከች። ጣውላው ላይ እጇን አሳረፈች። ከድሮ እያለቀሰ ነበር።

«እኔ ልሙትልሽ እህቴ» አለ። «አላወቅሁም። ለእኔ ሲል መሞቱን አላወቅሁም።»

ብድግ አለች። ነጠላዋ መሬት ወደቀ። አጥሩን ይዘው ወደሚያዩት ያገሯ ልጆች ዞረች፣ ትናንት ዱላ ይዘው ወደ ወረዱት።

«ወንድሜ አልሰብርም ብሎ ሞተ!» አለች። «ሞተ እኮ! እናንተ ሰበራችሁት!»

አጥሩን ከያዙት እጆች አንዱ ለቀቀ። ከዚያ ሌላው። ቀና ብሎ የሚያያት ሰው አልነበረም።