ጥናቱን ይስጥዎት

የምነግራችሁ ተረት አይደለም። ያላመነ መንገዱን ይሂድ፤ ማንንም አልለምንም።

በደርግ ጊዜ ነው። መካኒሳ፣ ከወንዙ በላይ፣ ገና ገብስ የምንዘራበት ዘመን። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ልጄ ዳባ ግንባር ነበር። ቤት ያለነው እኔ፣ ሚስቱ ሙሉመቤትና ትንሹ ልጃቸው ቱሉ ነን። ቱሉ እኔን አያቱን "አኮ" እያለ ይጠራኛል። ትክትክ ይዞት ሌት ተቀን ያስለዋል።

ያን ቀን ኤሌኒ የምትባል ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ መጣች።

"የሕፃናት በሽታ ጥናት ላይ ነን። ከጥናቱ በኋላ መድኃኒት ይመጣል" አለች።

ጠየቀችኝ፣ ጠየቀችኝ... ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት? ሽንት ቤት አላችሁ? በጎቹ የት ነው የሚያድሩት? አንጀቴ አረረ።

መዝገቧን ገልጣ ስም አነበበች። "ቱሉ የሚባለውስ ልጅ?"

"የለም!"

ከእናቱ ጋር ወፍጮ ቤት ሄዷል። ሌላ ምን ልበላት?

አንገቷን ደፋች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጥናቱን ይስጥዎት፣ እማማ" አለችኝ።

ለሐዘንተኛ የሚባለው ጥናት መሆኑ መች ገባኝ! መድኃኒት ያመጣል ያለችው ጥናቷ መሰለኝ።

"አሜን! ቶሎ ይስጠን!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ደንግጣ አየችኝ። መዝገቧ ላይ ጻፈችና ሄደች።

ቱሉ እናቱን ተከትሎ ከወፍጮ ቤት ተመለሰ። ውሻችን ሲያየው ይዘልበት ነበር... ያን ቀን ቀና ብሎም አላየው።

ጎረቤቴ ቀመሪያ ገባች። ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሳትስመው አለፈችና እጄን ያዘች።

"አላህ ያጥናሽ።"

"ለምኑ?"

"አይ ገዲሴ..." ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ቱሉን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ ስሙን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እማማ፣ ለሞተ ልጅ ካርድ አይወጣም።"

"ዓይንህ ይጥፋ! ጀርባዬ ላይ ያለው ማነው ታዲያ?"

ጎንበስ ብሎ አየ።

"ነጠላ ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቱሉ ጆሮዬ ስር አሳለ።

"ይሄንንስ አልሰማህም?"

"ቀጣይ!"

ቀበሌ ሄድኩ። "ጤና ጣቢያ ይጠይቁ" አሉኝ። ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። "ለጥናቱ ሰዎች ይንገሩ" አሉኝ። የጥናቱ ሰዎች የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም! የተማረ ሁሉ ተሰብስቦ "አለ" የምትል አንዲት ቃል አቃተው።

ቤት ስገባ... ሙሉመቤት ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ ተቀምጣለች።

"ልጅሽን ተቀበይኝ!"

"ኧረ ይተዉኝ፣ እማማ..."

"ንኪው እኮ ነው የምልሽ!"

እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ነጠላዬን ብቻ ጨብጠው ተመለሱ።

እናቱ እንኳ!

ልጁን እንዳዘልኩ ወጣሁ። ኤሌኒን ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሰው ቤት ስትወጣ አገኘኋት። ክንዷን ይዤ እየጎተትኩ ደጄ አመጣኋት።

"የለም ያልኩሽ ወፍጮ ቤት ስለሄደ ነው! አለ በይ!"

"አልሞተም?"

"አልሞተም! ጻፊው!"

መዝገቧን ገልጣ የቀድሞውን ሰርዛ ጻፈች።

"እሺ... አለ።"

ያኔ ውሻው ጮኸ።

ቱሉ በአጥሩ በር እየሮጠ ገባ። ፊቱ ወዝ ያለው፣ ሳል የሚባል የማያውቅ... ሙሉመቤት እልል ብላ አቀፈችው። ቀመሪያ ከጓሮ ሮጣ መጥታ ጉንጩን ሳመችው። ኤሌኒ እያለቀሰች ሳቀች።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ!"

እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

ጀርባዬ ላይ ያለው ክብደት... አልወረደም።

ትንንሽ ክንዶች አንገቴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ትኩስ ትንፋሽ ጆሮዬ ስር... አሳለ። ከዚያ በሹክሹክታ፣

"አኮ... ያ ማነው?"