አራርሳ ያረመው መደብ

ዲሪቤ ከጎሬ ተመልሳ የጓሮውን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው የጎረቤቷን ልጅ አራርሳን ነው። ላቡን እየጠረገ ቆሟል። ኩራቱን ያየ ልጅ የተወለደለት ይመስለዋል።

«አረምኩልሽ» አላት።

መደቡን አየች። አንድ ቅጠል የለበትም፤ አፈሩ ልክ እንደተበጠረ ጠጉር ተስተካክሏል።

«ምኑን ነው ያረምከው?»

«ሣሩን ነዋ። ውጦት ነበር እኮ።»

ሣር! አባቷ ያደታ፣ ጣሊያን መቱ ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባ ዕለት፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሏት ነበር፤ የባሮ ሽንኩርቱ ዘር እንዳይጠፋ። ጎሬ ይነግድ የነበረ ግሪክ ከሰጠው ጀምሮ፣ ጥቂቱን እስኪያብብ እየተወ ዘር ሲይዝ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ ሁለት ዓመት ካለፈው አይበቅልም። መጀመሪያ የዘራችውን ዝናብ አበሰበሰባት። ሁለተኛውን ዶሮ ጫረው። በእጇ የቀረችውን የመጨረሻ ቁንጣሪ ስድስት ሳምንት እያጠጣች፣ እየለመነች አበቀለቻት። ቡቃያው ግን ቀጭን ነው፤ ሣር አይደለም ብሎ የሚምልለት የለም። ጎሬ ሦስት ቀን የቆየችው የአባቷን ወሬ ልትጠይቅ ነበር፤ ወሬም አላገኘች።

«የነቀልከው የት አለ?» አለችው፣ መልሳ ልትተክለው።

አራርሳ ያኔ ገባው። ድምፁ ወረደ።

«ለጥጃዬ ሰጠሁት...»

አልጮኸችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «ውጣ» አለችው ብቻ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉታል እንዲህ ያለውን። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጥር አሻግሮ ሲያያት ከርሞ፣ እወድሻለሁ ማለት ከብዶት ያደረገላት ይህንን ነው።

በማግስቱ ከሰፈር ጠፋ። በወሩ ወሬው መጣ፤ አራርሳ ጎሬ፣ በጣሊያኖች ጦር ሰፈር አትክልት ቦታ ተቀጥሯል።

«ያባቴን ዘር ነቅሎ ለጠላት ይተክላል!» አለች ለእናቷ ለሽብሬ። ዲሪቤን ይበልጥ ያበሳጫት ግን የምታለቅሰው ለዘሩ ብቻ አለመሆኑ ነበር።

በአምስተኛው ወር መጣ። ከስቷል። ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ፈቶ ዘረጋላት፤ ጥቁር ፍሬ፣ የባሮ ሽንኩርት ዘር።

«የገባሁት ለዚህ ነው። አብቦ እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረብኝ።»

«ሰው ባንዳ ሲልህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ውጣ አልሽኝ እኮ።»

ፍሬውን በጣቷ ነካካችው። ደስ ሊላት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«ይሄ ያባቴ አይደለም።»

«አይደለም» አለ አራርሳ። «ያባትሽ ጠፍቷል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ማሎ ዲሪቤ፣ ይቅር በይኝ...»

ይህን አልጠበቀችም። አምስት ወር ያጠራቀመችው ስድብ አፏ ላይ ደርሶ ጠፋባት።

«አባቴ ሲመለስ ምን እለዋለሁ?»

«እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

«እሱ ሲቆጣ ጠመንጃ ነው የሚያነሳው።»

«ያንሳ።»

እንባዋ መጣ። «ሞኝ! ብቻህን ፊቱ ላቆምህ ነው? አብሬህ ብቆምስ ማነው እለዋለሁ? ጎረቤቴ?»

ቶሎ አልገባውም። ቡቃያና ሣር የማይለይ ሰው ምን ይገባዋል!

«ሽማግሌ ላክ እንጂ» አለችው።

እሑድ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች እትዬ ሽብሬ ደጅ ቆሙ።

ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ያደታ ጠጉሩ ሸብቶ፣ በሕይወት ተመለሰ። ሳይቀመጥ ወደ ጓሮ አመራ። አራርሳ ሊናገር አፉን ሲከፍት ዲሪቤ እጁን ያዘችና ቀደመችው።

«አባዬ፣ ዘሩ ጠፍቷል» አለች። «ያጠፋነው እኔና ባሌ ነን።»