ለልብ የሚስማማ ጭማቂ

የአናጢው ሬሳ ከመጋዝ ማሽኑ አጠገብ፣ ሰጋቱራው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። አንድ እጁ ደረቱን እንደጨመደደ ቀርቷል። ከፔርሙሱ የተደፋውን የብርቱካን ጭማቂ ጉንዳን ወሮታል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጉንዳኖቹን አስተዋለቻቸው። ከዚያ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «መርዝ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ! ጠዋት ደኅና የወጣ ሰው…» ጣቷን ወደ ረዳት አናጢው ቀሰረች። «ትናንት ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር!»

የረዳቱ ፊት አመድ መሰለ። «ተጣልተናል፣ አልክድም። የመጋዙን መከለያ እንመልሰው ብዬው ነው። ሥራ ያጓትታል ብሎ ከነቀለው ቆይቷል።»

የሟች ታናሽ ወንድም ጣልቃ ገባ። ቀድሞ ክሊኒክ ውስጥ ስለሠራ ቤተሰቡ «ዶክተራችን» ይለዋል። «እህቴ፣ ወንድሜ የደም ግፊት ነበረበት። ልቡ ነው የከዳው። ሬሳው አይጉላላብን፣ እንቅበረው።»

«ግፊቱን ማን ይለካለት ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኛ።»

«እንዴት ነበር?»

«ወርዶለት ነበር።»

«ጭማቂውንስ ማን ሰጠው?»

ሚስትየዋ ቀደመችው። «እሱው ነው። ሐኪሙ ለስላሳ ከከለከለው ወዲህ፣ ለልብ ይስማማል እያለ ጠዋትና ማታ ያመጣለታል። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴም ያለሱ አይውልም ነበር።»

መርማሪዋ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ወዳለው መኖሪያ ዘለቀች። መሳቢያው ውስጥ ያገኘችው የግፊት መድኃኒት አንዱም አልተከፈተም። አጠገቡ የነበረውን የግፊት መለኪያ ክንዷ ላይ ጠቅልላ ስትነፋው፣ አየሩ በተሰነጠቀው ጎማ ሽው ብሎ ወጣ።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት የመጣ ዕለት ሦስቱንም መጋዙ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም» አለች። «ጭማቂውን የወረሩት ጉንዳኖችም ሲርመሰመሱ ነበር እንጂ አልሞቱም። ረዳቱ እጁ የለበትም። ሟቹን የገደለው የደከመ ልብ ነው።»

«አላልኳችሁም!» አለ ወንድምየው።

«ልቡን ማን አደከመው? ፔርሙሱ ሥር ያልሟሟ ስኳር ዘቅጦ አገኘሁ። ሐኪሙን ጠየቅኩት። አንድ ብርጭቆ ሰው አይገድልም አለኝ። ዕለት ዕለት ሲጠጡት ግን ያወፍራል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ልብን ይጎዳል። ግፊት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ሟቹ መድኃኒቱን ትቷል። ለምን ተወው? ግፊትህ ወርዷል የሚለው ሰው ስለነበረ። ያ መለኪያ አየር አይዝም፤ አንዴ የነፋው ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሩን የምታመጣው ከራስህ ነበር።»

«ጎማው መበላሸቱን… ልብ አላልኩም።»

«ክሊኒክ የሠራህ ሰው? ስኳሩንስ ልብ ሳትል ነው የጨመርከው?»

ሰውየው ዓይኑን መጋዙ ላይ ተከለ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ልጄ እዚህ ማሽን ላይ ነው ደሟ ፈሶ ያለቀችው። መከለያ የለውም ነበር። ወንድሜ ለቅሶዋ ላይ ተቀምጦ ‹ራሷ ናት ያልተጠነቀቀችው› አለኝ። ከቀበርኳት በኋላም መከለያውን አልመለሰውም። ጭማቂው ጣፈጠኝ ሲለኝ፣ ብርቱካኑ ነው እለው ነበር።»

ረዳቱ አንገቱን ደፋ። ሚስትየዋ አልጮኸችም።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ይዘህለት በመጣህ ቁጥር እመርቅህ ነበር። ወንድም ይሉሃል ይህ ነው እያልኩ።»

መርማሪዋ ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ስትመራው፣ ዓይኑን ከመጋዙ ላይ አልነቀለም።