ባለሁለት አፈሙዟ ጠመንጃና የቆመው ሰው

ቦርሳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጠመንጃዋ የለችም።

ኑሃሚን ባዶውን ቦርሳ ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። በአንድ የአደን ድርጅት ንብረት መዝጋቢ ሆና ከተቀጠረች ገና ሦስት ወሯ ነው። በፊርማዋ የተረከበችው የመጀመሪያ መሣሪያም ይኸው ነበር።

እናቷ ሮማነወርቅ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ስር ፈለገች። በማለዳ ከከተማ፣ ከሲቀላ፣ እስከዚህ ጫኖ እርሻ ድረስ ልጇን ተከትላ የመጣችው፣ ጠመንጃዋ ባርቃ ትገድልብኛለች ብላ ነው። ስርቆትን ግን አላሰበችውም። የፈራችው ሁሉ ቀርቶ ያልፈራችው መጣ።

ጠመንጃዋ አዲስ ናት። በላይኛው አፈሙዝ ለቆቅና ለጅግራ ፍንጣሪ ትበትናለች፤ በታችኛው ለከርከሮ አንዲት ጥይት ትልካለች። ሁለት ኪሎ ተኩል አትሞላም፤ ወገቧ ላይ ስትታጠፍ ክንድ ተኩል ብትሆን ነው። ትናንት የድርጅቱ አንጋፋ አዳኝ አባባ ጋሻዬ ሞክረዋት፣ በፍንጣሪው የኢላማውን ወረቀት ወንፊት ሲያደርጉት በጥይቱ አምስቴ ስተዋል። “ከመቅለሏ የተነሳ ትዘላለች። ጠማማ ናት” ብለው ፈረዱባት። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተኩሶ ሊያረጋግጥ እየመጣ ነው።

ከእሱ ቀድሞ ግን ኑሃሚን በስልክ የጠራችው ፖሊስ፣ ሳጅን ክብሩ፣ በሞተር ደረሰ።

“እዚህ ማን ነበር?”

“አባባ ጋሻዬና ዘካሪያስ” አለች ኑሃሚን። “እኔና እማዬ ሃምሳ ሜትር ለክተን አዲስ ወረቀት ልንሰቅል ሄድን። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው።”

ዘካሪያስ የመሬቱ ባለቤት ነው፤ ሙዝ ያመርታል።

“ትናንት ስለ ጠመንጃዋ ምን አልክ?” አለው ሳጅኑ።

“ቆንጆ ናት አልኩ።”

“ሌላስ?”

“ከርከሮ ሙዜን ጨረሰው፣ አንድ ሳምንት አውሱኝ አልኩ። መመኘት ያሳስራል እንዴ?”

“ሙዝ የጫነው አይሱዙ መቼ ወጣ?”

“እነሱ ሲለኩ፤ ቆሜ ያስጫንኩት እኔ ነኝ።”

ሳጅኑ ስልክ መታ። አይሱዙው ኬላ ላይ ቆመ። መቶ አርባ ዘለላ ሙዝ አስፋልት ዳር ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ፦ ሙዝ እንጂ ሌላ የለም።

“ሲጫን ይቆጠርልኝ” አለ ዘካሪያስ። “ያኔ ሌባው ማን እንደሆነ እናያለን።”

ሳጅኑ ወደ ሽማግሌው ዞረ። “እርስዎስ አባባ? ሰርቀው ያውቃሉ?”

“እኔስ የተሰረቅሁ ነኝ፣ ልጄ። ካቻምና ካኪ ኮቴ ከገመድ ላይ ጠፍቶ ፖሊስ እስካሁን አላገኘልኝም።”

ሳጅኑ ግቢውን መፈተሽ ጀመረ። ቀፎ ዝቅ ብሎ ወደ ተሰቀለበት ማንጎ ዛፍ ሲራመድ አባባ ጋሻዬ ጮክ አሉ፦ “እዚያ ቀፎ አጠገብ አትድረስ። ንቦቹ ክፉ ናቸው።”

ሳጅኑ ተመለሰ። ሄዶ የኢላማውን ወረቀት ለማስረጃ ነቅሎ አመጣና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

“ኑሃሚን፣ ፊርማው ያንቺ ነው። እስከ አምስት ሰዓት ካልተገኘች አብረን ወደ ጣቢያ እንሄዳለን።”

ሮማነወርቅ በሐሳቧ ልጇን አሳሰረች፤ ምሳ ዕቃ ይዛ የእስር ቤት በር ላይ ተሰለፈች፤ ተራዋ ሳይደርስ ዝናብም ጣለባት።

ሁልጊዜ ክፉ የምታስብ እናት ግን አንድ ነገር አላት፤ ዓይኗ አያርፍም። ጠዋት እንደ ደረሰች መጀመሪያ ያየችው ቀፎውን ነበር፤ ንብ ልጄን ይነድፍብኛል ብላ። አንዲት ድንቢጥ አፉ ላይ ተቀምጣ ላባዋን ታበጥር ነበር። ንብ ባለበት ቀፎ በር ላይ ድንቢጥ ምን ትሠራለች?

ሌላም ነገር ትዝ አላት። ጠዋት በበቆሎው ዳር ሲያልፉ አባባ ጋሻዬ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው “ሳሮ፣ ሳሮ” ብለው በጋሞኛ ሰላምታ ሰጡ። ሰው በሩቅም ቢታይ ሰላም ሳይሉት አያልፉም። እዚያ የቆመው ግን ሰው አልነበረም። ዘካሪያስ ለዝንጀሮ ማስፈራሪያ ኮት አልብሶ የተከለው እንጨት ነው። እሷ ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር።

ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች።

“አባባ፣ ያ ወረቀት ከዚህ ይታይዎታል?”

“እንዴት አይታየኝም።”

“ስንት ክብ አለው?”

ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። “አራት።”

ሳጅኑ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የነቀለው ወረቀት እዚያው ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሮማነወርቅ ወደ ዛፉ ሄደች። “ጌታ ሆይ” ብላ የቀፎውን የኋላ ክዳን ከፈተችና ዓይኗን ጨፍና እጇን ከተተች። ምንም አልነደፋትም። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች፣ ወገቧ ላይ የታጠፈች ጠመንጃ ወጣች።

ኑሃሚን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

“ሰላሳ ዓመት በዓይኔ ነው የበላሁት” አሉ አባባ ጋሻዬ። “ሥራ አስኪያጁ በዚችው ጠመንጃ ኢላማውን ከመታ፣ ጠማማው እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው። እሱ ሲሄድ ልመልሳት ነበር። ልጅቷ ትታሰራለች ብዬ አላሰብኩም።”

“እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ” አለች ሮማነወርቅ፣ “የሚመጣውን ክፉ ሁሉ አስብልዎት ነበር።”

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ኑሃሚን ፊት ተንበረከኩ። ኑሃሚን ደንግጣ ክንዳቸውን ይዛ አነሳቻቸው። ሳጅን ክብሩም የጋሞ ልጅ ነው፤ እርጥብ ሣር ይዞ ይቅርታ የሚለምን ሽማግሌን አልፎ አይሄድም። ማስታወሻው ላይ “ንብረቱ እዚያው ግቢ ተገኝቷል” ብሎ ጽፎ ዘጋው።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ተመልሶ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሦስቱም መሃሉን መቱ። ያኔ አባባ ጋሻዬ ራሳቸው እውነቱን ነገሩት። “መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ” አለ ሰውዬው፤ “ስለ ሥራው በኋላ እናወራለን።”

የዓይን ሞራ ነበር። ሮማነወርቅ ለቀዶ ሕክምናው ራሷ ወሰደቻቸው፤ በመንገድ ላይ የሚሆነውን ክፉ ሁሉ እየዘረዘረች። አንዱም አልሆነም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ አባባ ጋሻዬ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ በዚያው በቆሎ ዳር ሄዱ። ሮማነወርቅና ዘካሪያስ አብረዋቸው ነበሩ። ማስፈራሪያው ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አላነሱም። ቀረብ ብለው የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ አዩ።

“ዘካሪያስ” አሉ በእርጋታ፣ “ይኼ ሰው የለበሰው የኔ ኮት ነው።”

ዘካሪያስ ዓይኑን ወደ አባያ ሐይቅ መለሰ።

ሮማነወርቅ ስልኳን አውጥታ የሳጅን ክብሩን ቁጥር መፈለግ ጀመረች። ዘካሪያስ ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሣር ፍለጋ ገባ።