ቃሉን ሳልጨርስ

ከዓሪፍ ጋር ያገናኘን የቢሮ ጥበት ነው። ወልድያ በምናስተምርበት የመምህራን ትምህርት ክፍል ቦታ ጠፋና ጠረጴዛውን ከእኔ ጠረጴዛ ጋር ገጥመው አስቀመጡት። ሁለተኛ ዲግሪው በሂሳብ ነው፤ ያውም ቁጥር የሌለበት ሂሳብ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ፊደል ብቻ ሲደረድር አይቼ ፊደሉን ለእኔ ተውልኝ፣ አንተ ቁጥርህን ፈልግ አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ አንገቱን ይደፋል፣ ቀጥሎ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔን የጣለኝ ያ ቀና ማለቱ ነው።

የእኔ ሙያ ንባብ ነው። ስምንት ዓመት ውርጌሳ አንደኛ ክፍል አስተምሬ፣ በየክረምቱ እየተማርኩ ዲፕሎማውን፣ ዲግሪውን፣ ኋላም ሁለተኛውን የያዝኩ ሰው ነኝ። ለዕጩ መምህራን በየዓመቱ የምደጋግመው አንድ ነገር አለኝ። ልጅ ሲያነብ የቃሉን መጀመሪያ አይቶ የቀረውን ይገምታል፤ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬዳችሁ እስከ መጨረሻው አድርሱት እላቸዋለሁ።

ዓርብ ዓርብ በአንድ ሚኒባስ እንሄድ ነበር። እኔ ቤተሰቦቼ ዘንድ መርሳ እወርዳለሁ፣ እሱ እናቱ ወዳሉበት ውርጌሳ ይቀጥላል። በረመዳን መጀመሪያ አንድ ዓርብ፣ ሲሪንቃን እንዳለፍን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ከኢድ በኋላ ባለችው እሁድ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

በመስኮት ማየት ጀመርኩ። መርሳ ስወርድ ግን፣ «አባቴ ቤት የሚገኘው ጧት ነው» አልኩት። ሚኒባሱ እስኪርቅ አንገቱን እንደደፋ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት የመምህራኑን የትምህርት ዝግጅትና ልምድ የሚሰበስብ ቅጽ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አንደኛ ደረጃ አስተምሮ የማያውቅ ሰው ከእንግዲህ የማስተማር ዘዴ ኮርስ አይሰጥም ተብሏል። የሂሳቡን የማስተማር ዘዴ የሚሰጠው ዓሪፍ ነው፤ ኮርሱን እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል። ቅጾቹ ተሞልተው ሲመለሱ የእሱን ከሁሉ አስቀድሜ ገለጥኩ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ፣ «ውርጌሳ» ይላል።

ውርጌሳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር እንደጀመረ ራሱ ነግሮኛል። ለአንድ ኮርስ ብሎ የዋሸ ሰው ለእኔ ምን ይመለሳል አልኩ። ቅጹን ይዤ አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

ቢሮ ሲገባ ቀና ብዬ ሳላየው፣ «ሽማግሌዎቹ ባይመጡ ይሻላል» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«አንተው ታውቃለህ።»

ጠመኔውን አንስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። ዓርብ ሲመጣ በሌላ ሚኒባስ ተሳፈረ።

ከሳምንት በኋላ ትልቋ ባልደረባችን እትዬ ጥሩወርቅ ያዘገዩትን ቅጽ ይዘው መጡ።

«አንቺ ነሲባ፣ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ምን ያደርግልሻል? ሃያ ዓመት ያስተማርኩበትን አትጠይቂኝም?»

የጠየቅኩት እሱኑ ነው አልኳቸው። ወረቀቱን ፊቴ አደረጉት። እንዳነበው ነገሩኝ።

«የተማሩበት» ይላል። «ያስተማሩበት» ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። በገዛ እጄ የጻፍኩትን፣ ሰው የከሰስኩበትን ቃል፣ አንድም ቀን አላነበብኩትም፤ ገምቼው ነው ያለፍኩት። የንባብ ባለሙያዋ እኔ! እትዬ ጥሩወርቅ መልኬ ሲለዋወጥ አይተው፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለውኝ ወጡ።

ዓሪፍን መናኸሪያ ደረስኩበት። የድሮውንና ያረምኩትን ቅጽ እያሳየሁ ስህተቴን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ቃሉን አየ፣ እኔን አየ። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

«መሳሳትሽስ ምንም አይደል» አለ። «ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ። ‹አዎ፣ ዋሽቻለሁ› ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ወላሂ፣ ስለምወድህ ነው የፈራሁት።»

እወድሃለሁ ብዬው አላውቅም ነበር። ረዳቱ መርሳ ውርጌሳ እያለ ይጣራል። ዓሪፍ የታረመውን ቅጽ ከእጄ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ከ«ያስተማሩበት» ፊት ለፊት «የለም» ብሎ ጻፈና መለሰልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። የሚወደው ኮርስ በዚያች ቃል ከእጁ ወጣ።

ኢድ ደረሰ፣ አለፈ። አባቴ የሚመጣ እንግዳ አለ ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወሬ ቀየርኩ።

ከኢድ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ መምህራንን ለማየት ውርጌሳ ሄድኩ። አንደኛ ክፍል ስገባ ከኋላ፣ የልጆች ዴስክ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዓሪፍ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዶ በሳምንት አንድ ቀን ትንንሾቹ እንዴት እንደሚማሩ ሊያይ እንደሚመጣ ዕጩ መምህርቷ ሲቲ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ክፍት ቦታ ያለው ከእሱ ጎን ብቻ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ሽማግሌዎቹ እሁድ አይ…» ላይ ስደርስ የቀረውን አወቅኩት። አይመጡም። ፍርዱም ትክክል ነው አልኩ በልቤ። ደብተሩን ልመልስለት ስል በእስክሪብቶው ጫፍ ቃሉን ነካ ነካ አደረገ። አንገቱን ደፍቷል።

«ጨርሺው እንጂ፣ መምህርት» አለኝ።

ልጆቹ ሰሌዳውን እያዩ ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔም ጣቴን ከፊደሉ ሥር አስቀምጬ፣ ከእነሱ ጋር፣ አንድ በአንድ አነበብኩ።

«አይ… ቀ… ሩ… ም።»